ስለ ዕውቀትና ስለ አደብ

ክቡራን ሸኾችና ኡስታዞች፥ የድካማችሁን ፍሬ ለማየት የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፥ እናንተም ዛሬ የምትመረቁ ልጆቼ፥

በቅኔ ቤት ያደግሁት እኔ በዚህ ጉባኤ መካከል ቆሜ እንድናገር መጋበዜ ታላቅ ክብር ቢሆንም፥ ባዕድነት ግን አይሰማኝም፤ ቁራሽ ለምኖ የተማረ ሰው፥ ሉሑን ታቅፎ ከአገር አገር የሚዞረውን ደረሳ እንደ ወንድሙ ያውቀዋልና።

ቀድሞ በወሎ፥ በጃማ ንጉሥ፥ በዳና፥ በሾንኬም፥ ቂርአት ፈልጎ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ልጅ፥ ፊቅሁን ከአንዱ ሸኽ፥ ነሕዉን ከሌላው፥ ተፍሲሩንም ከሦስተኛው ዘንድ እየቀራ ዓመታት ሲቈይ፥ የሚመግበው የመንደሩ ሕዝብ ነበረ፤ እርሱም በፈንታው እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፥ የሸኹን ማሳ ያርማል፥ ማታም ከእርሱ በታች ላለው ሕፃን የሚያውቀውን ያስቀራል። ስለ ትሕትና የተለየ ትምህርት አልተሰጠውም፤ ዳሩ ግን በማያውቀው ሰው እንጀራ ያደገ ልጅ በማን ላይ ይታበያል? የታበየ ጭራሽ አልነበረም አልልም፤ ነገር ግን ሸኹ ኢጃዛ፥ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፥ የሚሰጡት አብረውት ኖረው ጠባዩን ላዩት ደረሳ ነበርና፥ የቃል ጥናት ብቻውን ለመምህርነት አያበቃም ነበር። ቅዱስ ቁርዓንን ወደ አማርኛ መልሰው በ1961 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብና ሸኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የዚህ ሥርዓት ፍሬዎች ናቸው።

ዛሬ እናንተ ያደራችሁበት ቤት መብራትና ቧንቧ፥ ወጥ ቤትና ዘበኛ አለው፤ ይህን የሚነቅፍ ቢኖር ረኃብን ያላየ ሰው ነው። ሆኖም ድካሙ ሲቀል በድካሙ ውስጥ ይገኝ የነበረው አደብ አብሮ እንዳይጠፋ ምን ታስቧል? በብዙ ቦታ እንዳየሁት የተገኘው መፍትሔ በሳምንት አንድ የግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ መጨመር ነው፤ ይህም ተፈትነውበት በማግሥቱ የሚረሱት ነገር ነው።

ስለዚህ የዚህን ቤት አስተዳዳሪዎች የምለምነው፥ የበላበትን ሳሕን ተማሪው ራሱ እንዲያጥብ፥ ታላቁ ታናሹን እንዲያስቀራ፥ የታመመውንም ጓደኛው እንዲያስታምም፥ የምስክር ወረቀት ከመፈረሙም በፊት አብሮት ያደረው ኡስታዝ ስለ ጠባዩ እንዲጠየቅ ነው። እናንተም ተመራቂዎች፥ የሸኾቻችሁን ዱዓ ተቀብላችሁ ወደየመንደራችሁ ስትገቡ፥ መቅራት ፈልጎ መክፈል ያልቻለውን ልጅ ፈልጋችሁ አስቀሩት።