ከሒሳብ መዝገብ ወደ አልጋ ዳር



ሐኪም ለመሆን ስነሣ «በዚህ ዕድሜሽ?» ተባልኩ። እዚህ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከዲግሪና ከመግቢያ ፈተና ሌላ፣ አመልካቿ በሽተኛ አጠገብ መሥራቷንም ያያሉ። እኔ ደግሞ የማውቀው ሒሳብ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከማኅበራችን ተበድሬ የነርስ ረዳትነት ሠለጠንኩ። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያም ቢያንስ 16ቱ በተግባር ነው። አሁን ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ እማራለሁ።

በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናትን ሳገላብጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። ያገሬ ሰው ነበሩና «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ፈርቻለሁ» አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ይህን ሥራ እንደምችለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እናንተም ለትምህርት ብዙ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አልጋ ዳር ቆማችሁ ራሳችሁን እዩ። እኔ ብድሬን ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ገንዘቡ ለሚቀጥለዋ እኅት ይሁን።