ከመፍረሱ በፊት አፈሩ ይመርመር
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አፈር ነው። አርእስቱ የገበሬ እንጂ የከተሜ አይደለም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ፒያሳንና ካዛንቺስን የመሰሉ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲፈርሱ አይተናል። በየሻይ ቤቱ የተከራከርነው ስለ ሕንፃው ቁመት፤ ስለ መንገዱ ስፋትና ስለ ተነሺው ካሳ ነው። ስለ ካሳው መከራከራችን የተገባ ነው። ከቤቱ ሥር ስላለው መሬት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ላምበረትን እንመልከት። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲወጣ፤ ከየካ ተራራ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ የአውቶቡስ መናኸሪያም ያለበት ነው። መናኸሪያን ምን እንደሚከተለው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጋራዥ፤ ጎሚስታ፤ ላቫጆ፤ ነዳጅ ማደያ፤ ባትሪ ሞይ። የተቃጠለ ዘይት ደጅ ይደፋል፤ የባትሪ አሲድ ወደ ቦይ ይለቀቃል። የመንገድ ዳር አፈርም ቤንዚን እርሳስ ይቀላቀልበት በነበረበት ዘመን ያን ጭስ ሲጠጣ ኖሯል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያሉ የአፍሪካ አገሮች ይህን ቤንዚን የተዉት እስከ 1998 ዓ.ም. ቆይተው ነው። ዘይት በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ የሕፃናትንም አእምሮ ይጎዳል።

እንግዲህ ነገ ይህ ሰፈር ይታደስ ቢባል፤ ግሬደሩ ያን አፈር ይገለብጠዋል። አቧራው ለጎረቤት ይደርሳል። የተቆፈረው በገልባጭ መኪና ተጭኖ የሌላ ሰፈር መሙያ ይሆናል። የቀረውን የክረምቱ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ታች፤ በመጨረሻም ወደ ትልቁ አቃቂ ይወስደዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውሃ ይለማል፤ ተመልሶም ወደ ገበያችን ይመጣል። (ይህ የእኔ ነገር አይደለም የሚል የቦሌ ባለጸጋ ቢኖር፤ ሰላጣው ከየት እንደ ተገዛ ወጥ ቤቱን ይጠይቅ።)

በአሜሪካ፤ በናያግራ ፎልስ ከተማ፤ ላቭ ካናል በተባለ ቦታ፤ ሁከር የሚባል የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ድረስ 21,000 ቶን ያህል ዝቃጭ ቀበረ። ከዚያም ቦታውን ለትምህርት ቤት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠ። ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ በዙሪያውም መኖሪያ ቤት። በ1978 መርዙ ወደ ቤቶቹ ምድር ቤት መስረጉ ታውቆ ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ዐወጁ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦችም ለቀው ወጡ። እነዚያ ሰዎች ቤት ሲገዙ ከሥሩ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም።

እኛ ሕግ የለንም አንልም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ይከለክላል፤ የጥናቱም ጽሑፍ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ያጽዳ፤ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ታዲያ ጋራዡ ፈርሶ፤ ባለጋራዡ ካሳውን ይዞ ከሄደ በኋላ የበከለው በምን ይታወቃል? ቦታውን በሊዝ የወሰደው «እኔ አልበከልሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ምርመራው መደረግ ያለበት ቤቱ ቆሞ፤ ሰውም በቦታው ሳለ ነው። ላቫጆው የት እንደ ነበረ፤ የድሮው ማደያ ታንከር የት እንደ ተቀበረ ካርታ አይናገር ይሆናል፤ በሰፈሩ 30 ዓመት የኖሩ እማማ ግን ያውቃሉ። ነዋሪው ከተበተነ ይህም እውቀት አብሮ ይበተናል። የምርመራው ውጤት ከሊዝ ጨረታው ሰነድ ጋር ይያያዝ፤ ተጫራቹ ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ወጪውን የሊዙን ዋጋ የሚቀበለው ከተማው ይቻል እንጂ በጎሚስታው ላይ አይጫን፤ እርሱ የዕለት እንጀራውን ሲያጣ ይበቃዋል።

ሥራ ያጓትታል የሚሉ አሉ። ናሙና ወስዶ በላቦራቶሪ ማስመርመር የሳምንታት ጉዳይ ነው። ዐሥር ፎቅ ከቆመ በኋላ ከመሠረቱ ሥር አፈር ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ የምሕንድስና ተማሪዎች ያስሉልን።

እኛስ? የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ ተማሪዎች ክረምቱ ሳይገባ ከላምበረት መንገድ ዳርና ከቦዩ ናሙና እንውሰድ። የሕግ ተማሪዎች የየሰፈሩን የግምገማ ጽሑፍ እንዲያሳዩን ባለሥልጣኖችን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለሕዝብ ይቅረብ ተብሎ ታውጇልና። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስብሰባው እንዳለቀ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ።