ድንጋዩ የኛ፣ መብራቱ የማን?

(ባለፈው ቅዳሜ ጦር ኃይሎች በነበረን የወጣቶች ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ አንብቡት፣ ለጓደኞቻችሁም አጋሩት።)



ዛሬ የማወራው ስለ ዩራኒየም ነው። «እኛንና ዩራኒየምን ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። መስከረም 2018 ዓ.ም. መንግሥታችን ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት ሰነድ ተፈራርሟል። ጉዳዩ ቤታችን ገብቷል ማለት ነው። እኔ ሐሳቡን አልቃወምም፤ ዓባይን የገደበ ሕዝብ አቶምን አይፈራም። ግን ከማጨብጨባችን በፊት አፍሪካ በዚህ ማዕድን ምን እንዳየች እንወቅ። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከኮንጎ እንጀምር። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአቶም ቦምብ ሥራዋ ከተጠቀመችበት ዩራኒየም አብዛኛው የመጣው ካታንጋ ካለው የሺንኮሎብዌ ማዕድን ነው። ቆፋሪው ኮንጎያዊ፣ ባለቤቱ የቤልጂየም ኩባንያ፣ ገዢው አሜሪካ። ለኮንጎ የቀረላት ጉድጓዱ ነው።

ወደ ኒጀር እንሂድ። አርሊት በረሃ ላይ ከ1971 ጀምሮ ዩራኒየም ይወጣል። ፈረንሳይ ከኤሌክትሪኳ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የምታገኘው ከኑክሌር ሲሆን ኒጀር ለአሥርት ዓመታት ከዋና አቅራቢዎቿ አንዷ ነበረች። የኒጀር ሕዝብ ግን አብዛኛው መብራት የለውም። ያላት መብራት ራሱ በብዛት ከናይጄሪያ የሚገዛ ነው። በ2023 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ናይጄሪያ መስመሩን ቆረጠች፤ ኒያሜ ጨለመች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው! በ2021 የተዘጋው የአኩታ ማዕድን ደግሞ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር ጨረር ያለው ዝቃጭ ትቶ ሄዷል። በ2025 ኒጀር ሶማይር የተባለውን ኩባንያ ወረሰች። ቁጣዋ ይገባኛል። ነገር ግን ከ50 ዓመት በኋላ መቆጣት ከመጀመሪያው በደንብ መዋዋልን አይተካም።

ናሚቢያም ከዓለም ታላላቅ አምራቾች አንዷ ናት። ሮሲንግና ሁሳብ የሚባሉት ትልልቅ ማዕድኖቿ ዛሬ በቻይና ኩባንያዎች እጅ ናቸው። ሁሳብ ላይ የናሚቢያ መንግሥት ድርሻ 10 በመቶ ነው።

«ታዲያ ድሃ አገር ምን ያድርግ?» ካላችሁ ካዛኪስታንን እዩ። ከሶቪየት ፍርስራሽ ወጥታ በ1997 ካዛቶምፕሮም የተባለ የመንግሥት ኩባንያ አቋቋመች። ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ትሠራለች፣ ግን የአገሯን ድርሻ ይዛ ነው። ከ2009 ጀምሮ በዓለም አንደኛ አምራች ናት። በ2021 ደግሞ ከቻይና ጋር ሆና የኑክሌር ነዳጅ ፋብሪካ ከፈተች። ጥሬውን ብቻ መሸጥ አልበቃትም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ጉጂ ውስጥ ኬንቲቻ የሚባል ቦታ አለ። ከ1990 ጀምሮ ታንታለም አውጥተን ጥሬውን ስንሸጥ ነበር፤ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ማዕድን ማለት ነው። ታንታለሙ ግን ዩራኒየምና ቶሪየም የተቀላቀለበት ነው። ጨረር ስላለው በመርከብ ማጓጓዙ ችግር ሆነ። አገር ውስጥ የሚለይ ፋብሪካ ባለመኖሩ ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሀብቱ አለ፣ ዕውቀቱ አልተደራጀም።

እዚያው ጉጂ፣ ለገ ደንቢ፣ የወርቅ ማዕድኑ አካባቢ ነዋሪዎች ስለ ልጆቻቸው ጤና ጮኸው በ2018 ፈቃዱ ታግዶ ነበር። የጉጂ እናት ልጅ የኛ ወንድም ነው። አገር እወዳለሁ የሚል ሰው ከወርቁ በፊት እሱን ይጠይቅ።

በመስኮት ወደ ውጭ እዩ። ባቡራችን እዚህ ጦር ኃይሎች ነው የሚያልቀው። 41 ባቡር ገዛን፤ በመለዋወጫ እጦት አብዛኞቹ ቆሙ። ባቡር ሲቆም ታክሲ እንሰለፋለን። የኑክሌር ጣቢያ ሲቆም ግን ምን ላይ ነው የምንሰለፈው? ነዳጁም፣ ባለሙያውም፣ መለዋወጫውም ከአንድ ሻጭ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው እጃችን ላይ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ውሉ ይታይ። ኢትዮጵያ ከ2014 ጀምሮ የማዕድን ገቢ ግልጽነትን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማኅበር አባል ናት። በመርሁ መሠረት ከ2021 ወዲህ የሚፈረሙ የማዕድን ውሎች ለሕዝብ ይፋ መሆን አለባቸው። የኑክሌሩም ውል በዚሁ ሚዛን ይመዘን። ይሄ ልመና አይደለም፣ መብት ነው።

ሁለተኛ፣ ጥሬ መሸጥ ይብቃ። መለየቱና ማጣራቱ እዚህ ይሠራ።

ሦስተኛ፣ የአገሩ ልጅ ይሠልጥን። እኔ ጂኦሎጂ ተምሬ ሲቪዬን ይዤ የምዞር ሰው ነኝ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንደኔ ያለ ብዙ ነው። ውሉ ላይ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚሠለጥን በቁጥር ይጻፍ።

መፎከር ቀላል ነው። ከባዱ ውል ማንበብ ነው። አያቶቻችን ውጫሌ ላይ አንድ አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ነገር ሲል ይዘው ነው አድዋ የዘመቱት። እኛም አንቀጹን እናንብብ፣ ካልገባን እንጠይቅ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!