ባቡር ያጡ ጣቢያዎች
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። አገር ስንት ችግር እያለባት ስለ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ፥ እንደ ችሎታዬ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ።

የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ሽቅብ መውጣቱ አስቸጋሪ ስለ ነበረ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተወለደ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የምናየው የለገሐር ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ሲሉት የሰማ ሕዝብ «ለገሐር» አለው።

የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ስፋት አለው፤ ጣቢያውም ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ሆነ። ቀድሞውኑ ተዳክሞ የነበረው መሥመር በዚህ ጊዜ ተስፋው አበቃ። እንግዲህ ለገሐር ሥራ ያጣው ሕንጻው ስለ ወደቀ አይደለም፤ ባቡሩ በሌላ መንገድ ስለ ሄደ ነው።

ይህ ዕጣ በሌሎችም ደርሷል። የፓሪሱ የኦርሴ ጣቢያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ተከፈተ። ባቡሮች እየረዘሙ ሲሄዱ መሳፈሪያው አጠረባቸውና ከ1939 በኋላ የሩቅ አገር ባቡሮች ተዉት። ሊፈርስ ታስቦ ሳለ ተርፎ በ1986 የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆነ፤ ሰፊው አዳራሽና ትልቁ ሰዓት ዛሬም አሉ። በኒው ዮርክ ግን የፔንስልቬኒያን ጣቢያ ማፍረስ የተጀመረው በ1963፥ ከተማው የቅርስ ሕግ ያወጣው በ1965 ነው። ጸጸት ሕግ ያወጣል እንጂ የፈረሰውን ድንጋይ አይመልስም።

«ከተማው ቤት ይፈልጋል፤ መሬቱም ውድ ነው» ይባላል። እውነት ነው። አሮጌ መጋዘን ሁሉ ይቀመጥ ብዬ አልከራከርም። ጠብቁ ማለቴም ቆልፋችሁ አስቀምጡ ማለት አይደለም፤ ሰው የማይገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት የለም። ሕንጻን የሚያኖረው ሥራ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በለገሐር ዙሪያ ትልቅ የግንባታ ዕቅድ ይፋ ሲሆን አሮጌው ጣቢያ በቅርስነት እንደሚቆይ ተነግሯል። ደስ ይላል። ነገር ግን ጥያቄው መቆሙ ብቻ አይደለም፤ ለማን ነው የሚቆመው? ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሮ የመጣው ገበሬ የገባበት በር፥ የልጅ ልጁ የማይደፍረው የሀብታም መዝናኛ ደጃፍ ከሆነ፥ ግድግዳው ተረፈ እንጂ ጣቢያው ተረፈ አይባልም።

በደጁ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ በኋላ ተመልሷል። የተወሰደብንን ለማስመለስ የታገልን ሰዎች ያልተወሰደብንን ቸል ብንል፥ «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት በእኛ ደረሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ የሕንጻና የምሕንድስና ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ከለገሐር ጀምረው እስከ ድሬዳዋ ያሉትን ጣቢያዎች ለክተው ንድፋቸውን ያንሡ። ሁለተኛ፥ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የባቡር ነጂዎችን፥ የቲኬት ሻጮችንና የድሬዳዋን ጥገና አዳራሽ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይጻፉ፤ ማሽኑ ዝም ቢል የሚናገርለት ሰው አለና። ሦስተኛ፥ ማኅበራችን አዳራሾቹ ቤተ መጻሕፍት፥ የሙያ ትምህርት ቤትና የባቡሩ ሙዚየም እንዲሆኑ፥ በሩም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ለሚመለከታቸው በጽሑፍ ያመልክት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። እነዚያን ድንጋዮች የተሸከሙት ስማቸው በሰሌዳ ያልተጻፈ ሠራተኞች ናቸው። መታሰቢያቸው ቤቱ ራሱ ነው። እኛም የተማርነው የሌላውን አገር ሙዚየም በመጽሐፍ አይተን ለማድነቅ ብቻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ።