ማሽን ሲቈጥር ደንቡ የማን ነው?

በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የማቀርብላችሁ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም አንድ ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ኮምፒዩተር እንዴት ይቈጥራል የሚለው ነው። ነገር ግን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅም፤ ለማሽን አማርኛ የሚያስተምርም ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ቍጥር ስለ ሆነ፤ መሠረቱ ከተጣመመ ግድግዳው አይቀናም።

«እልልልል» የሚለውን እንውሰድ። «ልል» በውስጡ ስንት ጊዜ ይገኛል? አንዱ ሁለት፤ ሌላው ሦስት ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ አንድ ጊዜ የተቈጠረ ፊደል ዳግመኛ ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም በሚለው ነው። የፓይተን፤ የጎና የፒኤችፒ መቍጠሪያ ትእዛዞች የተቈጠረውን እየዘለሉ ስለሚሄዱ ሁለት ይላሉ። የጃቫ «ስትሪንግ» እንዲህ ያለ ትእዛዝ ስለሌለው ግን ፕሮግራም ጸሓፊው ቃሉን እየፈለገ ራሱ ይቈጥራል፤ ከተገኘው ቃል ማብቂያ ቢቀጥል ሁለት፤ አንድ ፊደል ብቻ ቢራመድ ሦስት ያገኛል።

በዚያው ቃል ውስጥ ባዶ ጽሑፍ ቍጠሩ ቢባሉ ደግሞ ፓይተንና ጎ ስድስት ይላሉ፤ ከአምስቱ ፊደሎች በፊት፥ በመካከላቸውና በመጨረሻ ያለውን ስፍራ ይቈጥራሉና። ፒኤችፒ ግን ጥያቄውን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። የግእዝ ፊደል በ1999 እ. ኤ. አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ከግእዝ እስከ ሳብዕ እያንዳንዱ የራሱ ቍጥር ተሰጠው። ስለዚህ «ት» እና «ቱ» ለእኛ የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ ለማሽኑ ባዕዳን ናቸው። «ቤት» ቍጠር ቢባል «ቤትህ»ን ያገኛል፤ «ቤቱ»ን፥ «ቤቶች»ንና «ቤተ መጻሕፍት»ን ግን ያልፋቸዋል። «ሰላም» ቢባል «ሠላም»ን አያይም፤ «ሰላምታ»ን ግን ጨምሮ ይቈጥራል። የእንግሊዝኛው «ቡክ» በ«ቡክስ» ውስጥ ሳይለወጥ ስለሚገኝ፤ ለዚያ ቋንቋ የተሠራ ልማድ ለእኛ አይበቃም።

እንግዲህ ከመቍጠራችን በፊት ሦስት ነገር እንወስን፤ ተደራራቢው ይቈጠራል ወይ? ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ ይታያሉ ወይ? ቃሉ ከነቅጥያው ይፈለጋል ወይስ ብቻውን? ውሳኔውንም ከቍጥሩ ጎን እንጻፈው። ደንቡ ያልተገለጸ ቍጥር በማን ስፍር እንደ ተሰፈረ ያልታወቀ እህል ነው። ማሽኑ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ጥያቄውን ማቅናት የቋንቋው ባለቤቶች ሥራ ነው።