የዲዛይን ትምህርት፣ ልጆቻችንና ፊደላችን

(በናይሮቢ በተከበረው የማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ልጆቻችን ትምህርት እንድናገር ጋብዞኛል። ስለ ሕክምናና ስለ ምሕንድስና በዚህ መድረክ ብዙ ስለተባለ፣ እኔ በየቤታችን ክርክር ስለሚያስነሣው ስለ ዲዛይንና ሚዲያ ጥበብ፣ ይህንንም ስለሚያስተምሩ ትንንሽ የግል ኮሌጆች ጥቂት ልበል።

ክርክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ግራፊክ ዲዛይን ወይም አኒሜሽን ልማር ይላል። አባት ደግሞ «ሥዕል ለመሣል ነው ይህን ሁሉ ገንዘብ የምከፍለው?» ይላል። እናት መሐል ገብታ ታስታርቃለች። የአባትን ሥጋት አልንቅም። ገንዘቡ ከሱቅ፣ ከምግብ ቤት ወይም ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ተጠራቅሞ የመጣ ነው፤ አንዴ ከፈሰሰ አይታፈስም። ሆኖም ሙያው ሥዕል ብቻ አይደለም። የቡና ማሸጊያው፣ የምግብ ቤቱ ሜኑ፣ የሠርግ መጥሪያው፣ የሱቁ ታፔላ፣ የፊልሙ ጽሑፍ፣ በስልካችን የምንነካው የባንክ ገጽ ሁሉ የዲዛይነር እጅ ያረፈበት ነው።

በአገራችንም ይህ ትምህርት ክብር ያገኘው በትዕግሥት ነው። በቺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲያቋቁሙ፣ ብዙ ወላጅ ሠዓሊነትን የእንጀራ ሙያ አድርጎ አይቆጥረውም ነበር። ዛሬ ያ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በእርሳቸው ስም ይጠራል። ከዚያው የወጡት ወሰኔ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደል የሥዕላቸው መሠረት አድርገው በዓለም ታውቀዋል።

እዚህ ናይሮቢ ደግሞ በዚህ ሙያ የተሰማሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ለምሳሌ የአፍሪካ ዲጂታል ሚዲያ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ጃምሁሪ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ተብሎ የተጀመረ ነው። የቡሩቡሩ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩትም ከእርሱ በፊት የነበረ ነው። የትንሽ ኮሌጅ ጥቅሙ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ማወቁና ሥራውን ቁጭ ብሎ ማረሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ጥሩ መምህር ሲለቅ ኮሌጁ ግማሽ ጎኑን ማጣቱ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት እንጠይቅ። አንደኛ፣ ኮሌጁ ተመዝግቧል ወይ? በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትን የሚመዘግብና ፈቃድ የሚሰጥ ባለሥልጣን አለ፤ የግድግዳ ማስታወቂያ ፈቃድ አይደለም። ይህ በተለይ ለእኛ ይበረታል፤ የውጭ ዜጋ የሆነ ልጅ የተማሪ ፈቃድ ሲያወጣ የኮሌጁ ደብዳቤ ይፈለግበታልና። ሁለተኛ፣ ያለፉት ተመራቂዎች ሥራ የት አለ? ዲዛይነር የሚቀጠረው በዲፕሎማው ብቻ ሳይሆን በፖርትፎሊዮው፣ ማለትም ሠርቶ በሚያሳየው ስብስብ ነው። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩና ካሜራው ለስንት ተማሪ ይደርሳል? አራተኛ፣ ክፍያው የምንና የምን ነው? የፈተናውና የመሣሪያው ለብቻ ነው ወይስ አብሮ?

ክቡራንና ክቡራት፣ ዋናው ጉዳዬ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እነዚህ ኮሌጆች የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ የማያስተምሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፊደላችን ነው። የላቲኑን 26 ፊደል ስፋት፣ ቁመትና ክፍተት ጠንቅቀው ያስተምራሉ። የእኛን 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ 231ን፣ ማን ያስተምር? በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለም፤ ስለዚህ ርዕስን የምናጎላበት መንገድ ከላቲኑ ይለያል። «ነ» ጠባብ፣ «ጨ» ሰፊ ነው፤ ክፍተቱ በዓይን ካልተመጠነ ቃሉ ይበታተናል። ፊደል የማያውቅ ዲዛይነር በ«ዳ» ራስ ላይ ለጌጥ ብሎ አንዲት ጭረት ቢጨምር «ዳቦ» «ጃቦ» ሆኖ ታፔላው ላይ ይሰቀላል። አራት ነጥብ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ በአዲስ መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ሲቀመጥም የሚያየው የለም።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን «ኒያላ» የተባለ ፎንት የነደፉት የውጭ አገር ባለሙያዎች ናቸው፤ እናመሰግናቸዋለን። ዛሬ መሣሪያ አልጎደለም። ሊጎድል የሚችለው መሣሪያውን ይዞ ፊደሉን የሚያነብ ልጅ ነው።

ለዚህም ጥሩ ምሳሌ አለን። የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ነው። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት፣ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። ቋንቋውን ያስተማሩት ግን በሮም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። ማተሚያው የሌላው፣ ፊደሉ የእነርሱ ነበር። በባዕድ አገር ያሉ ጥቂት ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ እኛ የገዛ ልጆቻችንን ማስተማር እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ከማንበብ አልፎ የእጅ ጽሕፈትንና የፊደል ቅርጽን ይጨምር። ዲዛይን የሚማሩ ልጆቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን በአማርኛ እንዲሠሩ፣ የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶች የሆናችሁ ታፔላችሁንና ሜኑአችሁን ስጧቸው፤ ግን በነፃ አይሁን፣ ክፈሏቸው። እንዲሁም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የማኅበራት ጽሑፎች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ፤ ታሪካችን በዚያው እንዳይቀር ወጣቶቻችን ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ይመልሱት። አንዱ ኮምፒውተሩን፣ አንዱ ጽሑፉን ያውቃልና።

ወላጆች፣ ልጁ ይማር ወይስ አይማር የሚለውን ክርክር ጥያቄዎቹን ጠይቃችሁ ጨርሱት። ኮሌጁ ሙያውን ይስጠው፤ ፊደሉን እኛ እንስጠው። የወርቅ ኢዮቤልዩአችን መጽሔት ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ በልጆቻችን እጅ የተነደፈ እንዲሆን ምኞቴ ነው።

ማኅበራችንን ለዚያ ያድርስልን።