ውሃ የቋጠረ እጅ
(በአባላት ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው በርበሬ ስንቀነጥስ የአንዷ አባላችን እጅ ውሃ ቋጥሮ አይተን «እከክ ነው፣ አንቺ ተነሺ» አልናት። ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ቀረች። በሳምንቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳትና አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ችፌ ነው አሉን፤ ውሃ የሚቋጥረው ዓይነት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ምልክቱን ልንገራችሁ። በጣቶች ጎን፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሰሊጥ የሚያህሉ፣ ቆዳ ውስጥ ጠልቀው የተቀመጡ፣ ውሃ የቋጠሩ ፍሬዎች ይወጣሉ። በጣም ያሳክካል፣ ያቃጥላል። በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቅና ቆዳው ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። ዳነ ስንል ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ይቀላል፤ እኛ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላልና በጣታችሁ ዳስሱት።

እከክ በጣቶች መሃል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ይወጣል፤ ማታ ይብሳል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰውም ያካል። የእግር ፈንገስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣቶች መሃል ይጀምራል። እግር ላይ ያለ ፈንገስ እጅን ውሃ ሊያስቋጥር ስለሚችል፣ ስትመረመሩ ጫማችሁን አውልቁ።

እህታችን የፈራችውን የነገረችኝ መንገድ ላይ ነው። ሥጋ ደዌ መስሏት ለባሏ እንኳ አልተናገረችም። የሥጋ ደዌ ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ የሚደነዝዝ ነው። እሷን ማሳከኩ እንቅልፍ ነስቷታል!

ሙቀት፣ ላብና ጭንቀት ያስነሱታል፤ ውሃ፣ ሳሙናና በረኪና ያብሱታል። ልብስ አጣቢ ለሆንን ሰዎች ይህ እንጀራችን ነው፣ ተዉት ማለት አይቻልም። ከፕላስቲክ ጓንት ሥር የጥጥ ጓንት ማድረግ ግን ይቻላል። ቀለበት አውልቁ። ሲያሳክክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ አድርቃችሁ ቫዝሊን ቀቡት። በመርፌ አታፍርጡት፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርትም አይነካው። የጎረቤት ቅባት አትዋሱ፤ ለችፌ የታዘዘው ፈንገስን ያብሳል። መግል ከያዘ፣ ካበጠ ወይም ካተኮሳችሁ በዕለቱ ታከሙ።

እህታችን ተመልሳለች። በርበሬውን በባዶ እጇ አትነካም፤ ሚዛኑን ይዛለች። የጥጥ ጓንት ከዕቃ ግምጃ ቤት በነጻ ይሰጣል፤ ጠይቁ።